አሮጌው ልባጥ ሲገፈፍ

በእሑድ ጧት በአዲስ አበባ ጐዳና ዳር ቆሞ አላፊ አግዳሚውን የሚመለከት ሰው፣ ከአዳዲሶቹ መኪናዎች መካከል ዕድሜዋ ከነጂዋ ዕድሜ የሚበልጥ አንዲት ቮልስዋገን ብቅ ስትል ዓይኑ እርስዋን ተከትሎ ይሄዳል። ቀለምዋ እንደገና ተቀብቶ፣ ፓራውልቷ ተወልውሎ፣ የጎማዋ ክዳን ፊት እስኪያሳይ ድረስ ሲያብረቀርቅ ባለቤቱ ቀና ብሎ ቢነዳ የሚያስደንቅ አይደለም። አሮጌውን ከመጣል ይልቅ ማደስን የመረጠ ሰው ምስጋና ይገባዋል እንጂ ነቀፌታ አይገባውም። በ2016 ዓ. ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ፣ በእጅ ያለውን ጠብቆ ማቆየት የጌጥ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የቁጠባም ጉዳይ እየሆነ መሄዱ የማይቀር ይመስለናል።

እኛ ግን ዛሬ ልንነጋገርበት ያሰብነው ስለ ማብረቅረቁ አይደለም። ከማብረቅረቁ በፊት ስላለው፣ ማንም ስለማይጠይቀው ሥራ ነው። ፓራውልቱ እንደገና በክሮም ከመለበጡ በፊት አሮጌው ልባጥ መገፈፍ አለበት። በምን ተገፈፈ? ማን ገፈፈው? የተገፈፈውስ የት ገባ? ባለ መኪናው ስለ ዋጋው ሲከራከር እንሰማለን፤ ስለ እነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ሲከራከር ግን አንሰማም።

ቋንቋችን ልባጥን ሁልጊዜ በጥርጣሬ ዓይን ሲመለከት ኖሮአል። በወርቅ የተለበጠ ጽዋ እንላለን፤ ከልብ ያልመነጨውን ሣቅ ደግሞ የለበጣ ሣቅ እንለዋለን። ሁለቱም ቃላት ከአንድ ቤት የወጡ ናቸው። እንግዲህ የላዩን ሲያዩ የታቹን መጠየቅ ከራሳችን አነጋገር የምንማረው ነገር ነው።

በመጀመሪያ ልባጡ ምን እንደ ሆነ እንመልከት። ሰው ሁሉ ክሮም እያለ የሚጠራው የሚያብረቀርቅ ልብስ አንድ ልብስ ብቻ አይደለም። በደንብ በተሠራ ፓራውልት ላይ ከብረቱ ቀጥሎ ብዙውን ጊዜ መዳብ፣ ከመዳቡ በላይ ኒኬል፣ ከሁሉ በላይ ክሮም ይገኛል። ክሮሙ እጅግ ስስ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከአንድ ማይክሮን፣ ማለት ከሚሊሜትር አንድ ሺኛ ያንሳል። ኒኬሉ ከ20 እስከ 40 ማይክሮን ሊደርስ ይችላል። የሰው ጠጉር ውፍረት 70 ማይክሮን ያህል መሆኑን ያሰበ ሰው፣ ያ ሁሉ ግርማ ከአንዲት ጠጉር ውፍረት ብዙ እንደማይርቅ ይገነዘባል። ብረቱን ከዝገት የሚጠብቀው በይበልጥ ኒኬሉ ነው፤ ክሮሙ ደግሞ ኒኬሉ እንዳይደበዝዝና እንዳይጫር የቆመ ዘበኛ ነው።

ክሮምን በ1797 በአውሮፓ አቆጣጠር ያገኘው ቮክለን የተባለ ፈረንሳዊ ኬሚስት ነበር። (ከዚህ በኋላም የውጭ አገር ነገር ስናነሣ ዘመኑን የምንጽፈው በዚሁ አቆጣጠር ነው።) ስሙ ከግሪክ ቋንቋ የተወሰደ ሲሆን ትርጓሜው ቀለም ማለት ነው፤ ምክንያቱም ክሮም ከሌላ ነገር ጋር ሲዋሐድ ቢጫ፣ ቀይና አረንጓዴ ቀለም ይሰጣል። አንባቢዎቻችን ይህን ቢጫ ቀለም ልብ እንዲሉልን እንለምናለን፤ ኋላ እንመለስበታለንና። ክሮም በአውቶሞቢል ላይ የተለመደ ጌጥ የሆነው በ1920ዎቹ አጋማሽ በኒው ዮርክ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ኮሊን ፊንክ የተባለው ሊቅና ባልደረቦቹ ለፋብሪካ የሚመች የመለበጫ ዘዴ ካገኙ በኋላ ነው።

ታዲያ በአሮጌው ላይ አዲሱን መደረብ ስለ ምን አይቻልም? ምክንያቱ ቀላል ነው። ክሮም አየር እንደ ነካው ወዲያውኑ በዓይን የማይታይ የኦክሳይድ ቆዳ ያወጣል። ይህ ቆዳ ክሮሙን ከጥፋት የሚጠብቀው ቢሆንም፣ በላዩ ሊለበጥ የመጣውን አዲስ ኒኬል አያስጠጋም። በላዩ ላይ የተደረበው ሁሉ ጥቂት ወራት አብረቅርቆ እንደ ሽንኩርት ይላጣል። ከዚህም በቀር ከሥሩ ዝገት የገባበት ልባጥ በላዩ ቢደረብበት ዝገቱ ሥራውን አያቆምም። ስለዚህ አሮጌውን ሳይገፍፍ አዲሱን የሚለብጥ ባለ ሙያ የሚሸጠው ለበጣ ነው።

መግፈፉም እንደ ቀላል ሥራ የሚታይ አይደለም። «ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል» ይባላል። እዚህ ላይ የሚቀደደው ብረቱ ነው። ክሮሙን ለማንሣት የታወቁት መንገዶች ሁለት ናቸው። አንደኛው ዕቃውን በሃይድሮክሎሪክ አሲድ ውስጥ መንከር ነው፤ ክሮሙ እየፈላ ይሟሟና ፈሳሹ አረንጓዴ ይሆናል። ሥራው ፈጣን ነው፤ ዳሩ ግን አሲዱ ክሮሙን ጨርሶ አያቆምም። ዕቃው በጊዜው ካልወጣ ወደ ብረቱ ይገባና እንደ ፈንጣጣ ጠባሳ ይጐደጕደዋል። ሁለተኛው መንገድ ሲለበጥ የነበረውን የኤሌክትሪክ አቅጣጫ መገልበጥ ነው። ዕቃው በኮስቲክ ሶዳ ውሃ ውስጥ ገብቶ ከፖዘቲቩ ሽቦ ጋር ሲያያዝ ክሮሙ እንደ ለበሰ እንዲሁ ይወልቃል፤ ኒኬሉና ብረቱ ግን ሳይነኩ ይቀራሉ። ከዚያ በኋላ ኒኬሉን ለማንሣት ደግሞ በብርቱ ሰልፈሪክ አሲድ ውስጥ እንደገና ኤሌክትሪኩን መገልበጥ ያስፈልጋል። ይህ አሲድ ውሃ እየበዛበት ከቀጠነ ብረቱን መብላት ይጀምራልና ጥንካሬውን መቆጣጠር የግድ ነው።

የዕቃው ዓይነትም መታወቅ አለበት። ፓራውልት ብረት ነው። የብዙ አሮጌ መኪናዎች የበር እጀታ፣ የስም ፊደልና ልዩ ልዩ ጌጥ ግን በዚንክ ቅይጥ የተቀረጸ ነው። ዚንክ አሲድም ኮስቲክ ሶዳም ይበላዋል። ለፓራውልቱ በተዘጋጀው ገንዳ ውስጥ የበሩን እጀታ አብሮ የጣለ ሠራተኛ ሊያወጣ ሲመለስ የሚያገኘው ጐድጓዳ የሞላበት ፍርፋሪ ነው። አሉሚንየምም በኮስቲክ ሶዳ ውስጥ አንድ ዓይነት ዕጣ ይደርስበታል። የጠነከረው አረብ ብረት ደግሞ፣ ማለት እንደ ሞላና እንደ ብርቱ ቡሎን ያለው፣ በአሲድ ውስጥ ሲነከር ሃይድሮጅን ይገባበታል። ከውጭ ምንም ሳይታይበት ውስጡ ይሰባበራል፤ በ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ለብዙ ሰዓት ካልተጋገረም አንድ ቀን ጭነት ሲበዛበት ቀጭ ይላል። መኪና በመንገድ ላይ እንዳለ የሚሰበር ቡሎን ምን እንደሚያስከትል ለአንባቢ መንገር አያሻንም።

እስከዚህ ድረስ የተናገርነው ስለ ብረቱ ነው። አሁን ወደ ሰውየው እንመለስ።

ከላይ ከተቆጠሩት ሁለት መንገዶች ለብረቱ የሚራራው ኤሌክትሪኩን መገልበጡ ነው ብለናል። እንግዲህ ቢጫውን ቀለም የምናስታውስበት ጊዜ ደረሰ። በዚህ መንገድ የወለቀው ክሮም ውሃውን ቢጫ ያደርገዋል። ይህ ቢጫ ነገር ኬሚስቶች ባለ ስድስት ቫለንሲ ክሮም የሚሉት ነው። በፓራውልቱ ላይ ተቀምጦ የሚያብረቀርቀው ክሮም ማንንም አይጎዳም፤ በአሲድ ውስጥ የሚገኘው አረንጓዴው፣ ባለ ሦስት ቫለንሲው ክሮምም ከቢጫው ጋር ሲወዳደር ጉዳቱ በብዙ ያነሰ ነው። ቢጫው ግን ቆዳ ላይ ሲያርፍ ለመዳን የሚያስቸግር ቁስል ያወጣል፤ ከገንዳው በሚነሣው አረፋ ጉም ሆኖ ሲተነፍሱት የአፍንጫን የውስጥ ግድግዳ እስከ መብሳት ይደርሳል። በዓለም የጤና ድርጅት ሥር ያለው የካንሰር ምርምር ድርጅት በ1990 በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡት ነገሮች አንደኛ ክፍል ውስጥ መድቦታል። የኒኬል ውሁዶችም በዚያው ዓመት እዚያው ተመድበዋል። በአሮጌ ቡሎኖች ላይ የሚገኘው የካድሚየም ልባጥ በ1993 ተከትሎአቸዋል፤ እርሱም በሞረድ ሲፋቅ ብናኙ፣ በእሳት ሲሞቅ ጢሱ መርዝ ነው።

እንግዲህ ነገሩን አስተውሉ። ለብረቱ እጅግ የሚራራው መንገድ ለሰውየው እጅግ የሚጨክን ሆኖ ተገኘ። ባለ መኪናው ፓራውልቱን ሲቀበል አንድም ጠባሳ አላየበትም፤ ደስ ብሎት ይከፍላል። ጠባሳው የት እንደ ቀረ አይጠይቅም።

ጠባሳው የሚቀረው ከገንዳው አጠገብ በቆመው ልጅ ላይ ነው። ሙያ ሊማር ገብቶ በባዶ እጁ አሲድ የሚነካ፣ ፊቱን በሻሽ እንኳ ያልሸፈነ ልጅ በየጋራዡ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። ዛሬ ጤነኛ ነው፤ ይሣቃል፤ ይቀልዳል። «ውሃ ሲወስድ አሳስቆ አሳስቆ» እንደሚባለው የዚህ መርዝ አወሳሰድም እንዲሁ ነው። ሕጉ ዝም አላለም። በ2011 ዓ. ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጅ እንዳይቀጠር፣ ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለውም ወጣት ሕይወቱን ወይም ጤንነቱን በሚያሰጋ ሥራ ላይ እንዳይሰማራ ይከለክላል፤ አሠሪው ለሠራተኛው የአደጋ መከላከያ እንዲያቀርብም ያዝዛል። የላስቲክ ጓንት፣ መነጽር፣ ቦት ጫማ፣ ሽርጥና አየር የሚስብ ማራገቢያ ከአንድ ፓራውልት ዋጋ ጋር ሲመዛዘኑ የሚያስጨንቁ አይደሉም። የሚጎድለው ሕጉ አይደለም፤ የሚጎድለው ጠያቂው ነው።

ሦስተኛው ጥያቄያችን የተገፈፈው የት ገባ የሚል ነበር። ሥራው ሲያልቅ ገንዳው ይደፋል። ገንዳው ወደ ቦይ ከተደፋ ቦዩ ወደ ወንዝ ይወርዳል። የአዲስ አበባ ወንዞች ወደ ትንሹና ወደ ትልቁ አቃቂ፣ ከዚያም ወደ አባ ሳሙኤል ሐይቅና ወደ አዋሽ እንደሚሄዱ የጂኦግራፊ ተማሪ ሁሉ ያውቃል። በመንገዱ ላይ ጎመኑና ሰላጣው በዚህ ውሃ ይጠጣል፤ ጎመኑም ተመልሶ ወደ ከተማው ገበያ ይወጣል። ወንዙን የሚያቆሽሸው ጋራዥ ብቻ ነው ማለታችን አይደለም፤ የቆዳ ፋብሪካውም፣ ሌላውም ፋብሪካ፣ የእያንዳንዳችን ቤትም የየድርሻው አለው። ነገር ግን የሌላው ኃጢአት መብዛት የእኛን አያስተሰርይም።

አንዳንድ ሰው «የአንድ ፓራውልት ክሮም ስንት ሊሆን ነው?» ይለን ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነውና እናስላው። የልባጡ ስፋት ግማሽ ሜትር ካሬ፣ የክሮሙ ውፍረት ግማሽ ማይክሮን ቢሆን መጠኑ ሩብ ኩብ ሴንቲሜትር፣ ክብደቱም 1.8 ግራም ያህል ነው። በእርግጥ በቡና ሲኒ ጥግ የሚያዝ ነገር ነው። የዓለም የጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ የወሰነው ልክ ግን በአንድ ሊትር ውስጥ ከ0.05 ሚሊግራም ክሮም እንዳይበልጥ ነው። በዚህ ልክ ሲካፈል ያቺ ሩብ ኩብ ሴንቲሜትር 36,000 ሊትር ውሃ፣ ማለት 180 በርሜል፣ እስከ ወሰኑ ጫፍ ታደርሳለች። ኒኬሉ ደግሞ 30 ማይክሮን ቢሆን ክብደቱ ከ130 ግራም በላይ ይሆናል፤ ለኒኬል የተወሰነው ልክ በሊትር 0.07 ሚሊግራም ስለ ሆነ ውሃው በሚሊዮን ሊትር የሚቈጠር ነው። ጥቂት ነው የሚለው ምክንያት በዚህ ስሌት ፊት የሚቆም አይመስለንም።

በሰው አገር የደረሰውንም መመልከት ይጠቅማል። በካሊፎርኒያ ሂንክሊ በምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ ፓሲፊክ ጋዝና ኤሌክትሪክ የተባለው ኩባንያ ከ1952 እስከ 1966 ድረስ የማቀዝቀዣ ማማዎቹን ከዝገት ለመጠበቅ ይህንኑ ቢጫ ክሮም ይጠቀም ነበር። ያገለገለውን ውሃ ከሥሩ ባልታሸጉ ኩሬዎች ውስጥ ደፋው፤ ወደ ከርሰ ምድር ውሃም ሰረገ። ነገሩ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1996 ኩባንያው ለነዋሪዎች 333 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ሥራው የቆመው በ1966 ሲሆን ሒሳቡ የመጣው ከ30 ዓመት በኋላ መሆኑን ልብ ይሏል። ይኸው የካሊፎርኒያ ግዛት በ2023 ለጌጥ የሚደረገው ልባጥ ከ2027 መጀመሪያ አንሥቶ በቢጫው ክሮም እንዳይሠራ ወስኖአል። የአውሮፓ ኅብረትም ከ2017 መስከረም ወዲህ ያለ ልዩ ፈቃድ መጠቀምን ከልክሎአል። እነርሱ በሀብት ከእኛ እጅግ የሚበልጡ ሲሆኑ የዚህን ነገር ዋጋ መሸከም ካቃታቸው፣ እኛ በምን ትከሻ እንሸከመዋለን?

እንግዲህ ምን ይደረግ ትሉ እንደ ሆነ፣ አሳባችን አሮጌ መኪና አይታደስ የሚል አይደለም። ዝገት ከሥሩ የገባበት ፓራውልት ካልተገፈፈ ተበልቶ ያልቃል፤ መዳን የሚችለውን ብረት መጣልም ሌላ ብክነት ነው። የምንለው መግፈፉ የመጨረሻው እርምጃ እንጂ የመጀመሪያው አይሁን ነው። ብዙ ሰው ዝገት ነው ብሎ የሚያስገፍፈው ልባጥ በክሮሙ ቀዳዳ ወጥቶ የተረጨ የላይ ዝገት ብቻ ነው። ይህን ዝገት ምግብ የሚጠቀለልበትን የአሉሚንየም ወረቀት በውሃ አርሶ ቀስ ብሎ በማሸት ማንሣት ይቻላል፤ አሉሚንየሙ ከክሮሙ የለሰለሰ ስለ ሆነ አይጭረውም። ከዚያ አጥቦ፣ አድርቆ፣ ሰም መቀባት ነው። ትንሽ ነጠብጣብ ቢቀርበት የዕድሜው ምልክት ነውና አያሳፍርም። ደኅናውን የፋብሪካ ልባጥ አስገፍፎ በቀጭን አዲስ ልባጥ መለወጥ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ነው።

መገፈፍ የግድ ከሆነ ደግሞ ባለ መኪናው ዋጋ ከመቁረጡ በፊት ይጠይቅ። ይህ ዕቃ ብረት ነው ወይስ ዚንክ? ገንዳው አጠገብ የሚቆመው ማን ነው? ጓንቱስ የት አለ? ያለቀው ፈሳሽ የት ይገባል? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ያለው ባለ ሙያ ዋጋው ከጎረቤቱ ከፍ ቢል መብቱ ነው። ርካሹ ዋጋ ርካሽ የሆነው ቀሪውን ሒሳብ ልጁና ወንዙ ስለሚከፍሉለት ነው። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይባላል፤ በዚህ ጉዳይ ግን አንዱ ሳይጠረጥር የሚመነጠረው ሌላው ነው።

ለተማሪዎች፣ በተለይ ኬሚስትሪ ለምትማሩት፣ አንድ ቃል አለን። ቢጫውን ክሮም ወደ አረንጓዴው መለወጥ የተሰወረ ጥበብ አይደለም። ፈሳሹን አሲድ አድርጎ ሶዲየም ሜታባይሰልፋይት ሲጨምሩበት ቢጫው ወደ አረንጓዴ ይዞራል፤ ከዚያ ኖራ ሲጨመርበት ክሮሙ እንደ አተላ ይዘቅጣል። ኒኬሉም በኖራ ይዘቅጣል። ዝቃጩ ደርቆ፣ ታሽጎ፣ ተመዝግቦ ይቀመጣል፤ ውሃው ተመርምሮ ይለቀቃል። ይህ የሚሠራው አየር በሚገባበት ቦታ፣ በሚያውቅ ሰው እጅ ነው። አንዳንድ የኒኬል መግፈፊያ ሳያናይድ ስለሚኖርበት በአሲድ ቢነካ ገዳይ ጋዝ ያወጣልና፣ በግምት የሚሞከር ነገር አይደለም። በመጽሐፍ ያነበባችሁት የቫለንሲ ትምህርት በፈተና ወረቀት ላይ ብቻ እንዲቀር ካልፈለጋችሁ፣ ከዩኒቨርሲቲው በር ወጥታችሁ አንድ ጋራዥ ግቡና ከባለ ሙያው ጋር ተነጋገሩ። እርሱ የእጅ ዕውቀት አለው፤ እናንተ የስሌት ዕውቀት አላችሁ፤ አንዱ ያለ ሌላው ጎዶሎ ነው።

ለወጣት የመንግሥት ሠራተኞችም እንዲሁ። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ በ1995 ዓ. ም.፣ የአደገኛ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ ቁጥጥር አዋጅ በ2010 ዓ. ም. ወጥተዋል። አዋጅ ግን በመደርደሪያ ላይ ሲቀመጥ እርሱም ልባጥ ነው። ትንንሽ ጋራዦችን መቅጣት ብቻ ወደ ጓሮ ይሸሽጋቸዋል። ለአንድ ሠፈር ጋራዦች አንድ የጋራ መግፈፊያ ቤት፣ አንድ የጋራ የፍሳሽ ማጣሪያና አንድ የሠለጠነ ኃላፊ ቢኖር፣ እያንዳንዱ ባለ ጋራዥ የየራሱን ገንዳ በየጓሮው ከመደበቅ ይድናል። ፈቃድ የሚሰጠው፣ ቦታ የሚመራው፣ በጀት የሚጽፈው ዛሬ ይህን ጋዜጣ ከሚያነቡት መካከል የሚገኝ ነው፤ ምናልባትም እርሱ ራሱ አሮጌ ቮልስዋገን የሚያሳድስ ሰው ይሆናል።

የሚያብረቀርቀውን መውደድ ኃጢአት አይደለም። ነገር ግን በሚመጣው ሳምንት ፓራውልቱን ተሸክሞ ወደ ጋራዥ የሚሄድ ወጣት ካለ፣ «ስንት ነው?» ከማለቱ በፊት «የት ትደፉታላችሁ?» ብሎ እንዲጠይቅልን አደራ እንላለን። መልስ ካጣ ፓራውልቱን ይዞ ይመለስ።